የሮምና የክርስትና ታሪክ ንባቤ ዳኬዎስ ዘመን ላይ ደርሷል

የሮምን ታሪክና የጥንቱን ክርስትና ታሪክ ጎን ለጎን ማንበብ ከጀመርኩ ቆየሁ፤ አሁን ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ላይ ነኝ። እስካሁን በጣም የጠቀመኝ ዘዴ፣ የቄሣሮቹን ስም መሸምደዱን ትቼ አንድ የመንግሥት ትእዛዝ ይዤ ተራው ሰው ጋ ሲደርስ ምን እንዳስከተለ መከታተል ነው።

የሮሙን ቄሣር ዳኬዎስን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ250 አካባቢ በግዛቱ ያለ ሕዝብ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። ሰው ሹሞች ፊት ይቀርባል፣ ይሠዋል፣ ከመሥዋዕቱ ይቀምሳል፣ ከዚያ ማስረጃ ይጻፍለታል። ከእነዚህ ማስረጃዎች ከ40 በላይ የሚሆኑት ግብፅ ውስጥ ፓፒረስ ላይ ተጽፈው ተገኝተዋል። የአንዱ ባለቤት አውሬልዮስ ዲዮጋንስ የሚባል የ72 ዓመት ሽማግሌ ነው። የአባቱ ስም አለ፣ መንደሩ አለ፣ ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለው እንኳ ሰፍሯል። ሁልጊዜ ለአማልክት ስሠዋ ኖሬያለሁ፣ አሁንም በፊታችሁ ሠውቻለሁ፣ ይህንኑ አረጋግጡልኝ ይላል። ትእዛዙ ለሁሉም ስለነበር ሰውየው ክርስቲያን ላይሆን ይችላል። ግን ያቺን ጠባሳ ካነበብኩ በኋላ ስደት የሚለው ቃል ለእኔ ፊት አገኘ።

ክርስቲያኖቹ ምን አደረጉ? የሮሙ ጳጳስ ፋብያኖስን ጨምሮ ሕይወታቸውን የሰጡ አሉ። ፈርተው የሠዉ አሉ። ሳይሠዉ ገንዘብ ከፍለው ወረቀቱን ብቻ ያወጡም ብዙ ናቸው። ስደቱ ጋብ ሲል ታዲያ የሠዉትም ወረቀት ያወጡትም ተመልሰው የቤተ ክርስቲያንን ደጅ መጥናት ጀመሩ፤ ሰሜን አፍሪካ ባለችው ካርቴጅ ውስጥ ደግሞ ለእምነታቸው የታሰሩ ሰዎች "እገሌን ተቀበሉት" እያሉ ደብዳቤ ይጽፉ ስለነበር ነገሩ ጭራሽ ተወሳሰበ። የካርቴጁ ጳጳስ ቆጵርያኖስ ይህን የሚወስነው ጳጳስ ነው ብሎ ድርቅ አለ። በ251 ጳጳሳት ተሰብስበው ወረቀት ብቻ ያወጡት ጉዳያቸው እየታየ እንዲመለሱ፣ የሠዉት ግን ረጅም ንስሐ እንዲገቡ ወሰኑ። ሮም ላይ ኖቫትያኖስ የሚባል ቄስ የካዱትን መመለስ ጨርሶ አይሆንም ብሎ ተገነጠለ።

እኔን የገረመኝ እዚህ ጋ ነው። ቤተ ክርስቲያንን ያናወጠ ትእዛዝ የጳጳሱን ሥልጣንና የጉባኤን ልማድ አጠነከረ። ብዙዎቻችን ታሪኩን የምንጀምረው ከቆስጠንጢኖስና ክርስትና ከተፈቀደበት ከ313 ነው፤ ለእኔ ግን ቆስጠንጢኖስ በ325 ኒቅያ ላይ የሰበሰባቸው ጳጳሳት ከመንግሥት ጋር ሳይታረቁ በፊት ተሰብስቦ መወሰንን ለምደውት ነበር።

ከታረቁ በኋላ ደግሞ ቄሣሩ ራሱ ጉዳዩ ውስጥ ገባ። ይሄ እኛንም ይነካናል፦ የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስታንትዮስ ለአክሱሞቹ ለኢዛናና ለሳይዛና ጽፎ፣ የአክሱሙን ጳጳስ ፍሬምናጦስን እስክንድርያ ላለው አዲስ ጳጳስ ለምርመራ እንዲልኩት ጠይቋል። ደብዳቤው፣ ፍሬምናጦስን በሾመውና በዚያ ጊዜ ከእስክንድርያ በተባረረው ጳጳስ በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ሙሉውን ይገኛል። ቀጥዬ የማነበው እሱን ነው። አብሮኝ ማንበብ የሚፈልግ ካለ ይጻፍልኝ።