ኦርጅናል ስቴንለስ

ገላን አካባቢ በሚገኝ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ስሠራ፣ የግዥ ክፍሉ ኃላፊ የቴርሞካፕሉ፣ ማለትም ቅልጡ ውስጥ ገብቶ ሙቀቱን የሚለካው መሣሪያ፣ መከላከያ ቱቦ ከካስት አይረን ወደ ስቴንለስ እንዲቀየር ሐሳብ አቀረቡ። ምክንያታቸው አጭር ነበር፤ ስቴንለስ አይዝግም። እውነት ነው፣ በውሃና በአየር ብዙም አይዝግም፤ 720 ዲግሪ በደረሰ የአሉሚኒየም ቅልጥ ውስጥ ግን ነገሩ የዝገት ሳይሆን የመሟሟት ነው።

በስብሰባው ላይ ዕድል ሲሰጠኝ ይህንኑ አስረዳሁ። ስቴንለስን የሚጠብቀው በገጹ ላይ ያለው ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ ከክሮሚየም ይልቅ ለኦክስጅን የሚስገበገብ በመሆኑ ሽፋኑን ይነጥቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ብረቱም ኒኬሉም ወደ ቅልጡ ይገባሉ። እግረ መንገዴን በቀለጠ እርሳስና ቢስሙት ስለሚቀዘቅዙ የኒውክሌር ማብላያዎች አነሣሁ፦ ሶቪየቶች በፕሮጀክት 705 ሰርጓጅ መርከቦቻቸው ላይ የተጠቀሙበት ይህ ቅይጥ ኒኬልን አጥብቆ ስለሚያሟሟ፣ የአረብ ብረቱ ሽፋን ራሱን እንዲያድስ በቅልጡ ውስጥ በጣም ጥቂት ኦክስጅን ሆን ተብሎ ይተዋል፤ በሶዲየም በሚቀዘቅዙት ማብላያዎች ግን ኦክስጅን ዝገትን ስለሚያባብስ በተቃራኒው ተጣርቶ እንዲወጣ ይደረጋል። አንዱን ቅልጥ የቻለ ብረት ሌላውን ይችላል ማለት እንዳልሆነ ለማሳየት ነበር።

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው በእርጋታ፣ «ኢንጂነር፣ እኛ የታዘዝነው ድስት ነው፤ ሰርጓጅ መርከብ ማን አዘዘን?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፣ እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መልሱ ጥሩ መሆኑ ነው።

ስቴንለሱ እያብረቀረቀ መጣና ገባ። ብዙም ሳይቆይ ንባቡ ይዘል ጀመር፤ ቱቦው ሲወጣ በቅልጡ ገጽ ልክ ልጅ እንዳኘከው እርሳስ ቀጥኖ ነበር፣ ከዚያ በታች ያለው ጫፉ ደግሞ የለም። የጎደለው ብረት የት እንደገባ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የገባው አሉሚኒየሙ ውስጥ ነው፤ ብረት ሲበዛበት መርፌ መሰል ቅንጣቶች ሠርቶ ተሰባሪ ያደርገዋል።

ቃለ ጉባኤው ግን «የቀረበው ስቴንለስ ኦርጅናል ባለመሆኑ» ብሎ ጻፈና ኦርጅናሉ እንዲገዛ ወሰነ። እኔም ከዚያ በኋላ ስለ ኦክሳይድ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ካስት አይረንም በየፈረቃው መከላከያ ቅብ ካልተቀባ ማለቁ የማይቀር ቢሆንም፣ ወደ እሱ እንመለስ ብዬ ባቀረብሁት ማስታወሻ ላይ የጻፍሁት የሁለቱን ዋጋ ልዩነት ብቻ ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተፈረመ፤ በበጀት ዓመቱ መዝጊያ ላይም የግዥ ክፍሉ ለወጪ ቅነሳ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠው።