ራሱን የሚያቆም ኢንሱሊን

ልጄን የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ከያዛት አራት ዓመት ሊሞላ ነው። ሰው ሲሰማ «ጣፋጭ ታበዛ ነበር እንዴ?» ይለኛል። አይደለም፤ ቆሽቷ ውስጥ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሴሎች የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ነው ያጠፋቸው። መርፌውን ለምደነዋል። እኔ ያልለመድኩት ሌሊቱን ነው።

ባለፈው ሰኔ ነው። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጅ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ስትዘል ዋለች፤ ማታ ደክሟት እራቷን በቅጡ አልበላችም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግንባሯን ብነካው ላብ አጥምቋታል። የደም ስኳሯን ለካሁ፦ 48፣ በጣም የወረደ። በውኃ የተበጠበጠ ስኳር አጠጥቼ ደረቴ ላይ አስደግፌ 15 ደቂቃ ጠበቅሁ። 83 ሲል ነው የተነፈስኩት።

ኢንሱሊን አንዴ ከቆዳ ሥር ከገባ መመለሻ የለውም። ስኳሩ ወርዶም ሥራውን ይቀጥላል። የጤነኛ ሰው ቆሽት ግን ስኳር ሲወርድ ማመንጨቱን ይገታል። የኬሚስትሪ መምህር ስለሆንኩ፣ ይህን ጠባይ መድኃኒቱ ራሱ እንዲይዝ ስለሚደረገው ምርምር ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. ብራውንሊና ሰራሚ የተባሉ ሳይንቲስቶች የስኳር ቅንጣት ያጣበቁበትን ኢንሱሊን፣ ከአንድ የጥራጥሬ ዓይነት ከሚወጣ ኮንካናቫሊን ኤ ከተባለ ፕሮቲን ጋር አቆራኙት። ግሉኮስ፣ ማለትም የደም ስኳር፣ ሲበዛ ፕሮቲኑን ይሻማል፤ ኢንሱሊኑም ይለቀቃል። ዛሬ ደግሞ ብዙዎች ኢንሱሊኑን በናኖሜትር በሚለካ ከረጢት ያሽጉታል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው።

አንዱ መንገድ በብዙ የስኳር መለኪያ ስትሪፖች ላይ ያለውን ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም ይጠቀማል። ኢንዛይሙ ግሉኮሱን ወደ አሲድ ይለውጠዋል፤ ከረጢቱም አሲድ ሲነካው እንዲያብጥ ወይም እንዲፈርስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስኳር ሲቀንስ አሲዱም ይቀንሳል፣ መልቀቁም ይበርዳል። ለተማሪዎቼ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ስስል እጄ ይፈጥናል። ችግሩ፣ በዚያው ሂደት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድም ይፈጠራል፤ እሱን የሚያከሽፍ ሌላ ኢንዛይም አብሮ መታሸግ አለበት።

ሌላው መንገድ ኢንዛይም አይፈልግም፤ ፌኒልቦሮኒክ አሲድ የሚባል ውህድ ግሉኮስን በቀጥታ ይይዛል። እኔ ለዚህኛው አደላለሁ። ምክንያቴ ፍሪጅ ነው። ኢንዛይም እንደ ኢንሱሊኑ ሁሉ ፕሮቲን ነው፣ ሙቀት ይጎዳዋል። እኛ ዘንድ መብራት በጠፋ ቁጥር ያልተከፈተውን ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቆየት ጭንቅ ነው። ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን በሌላው ከትቼ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ ሞልቻለሁ፤ በበጋ ያቀዘቅዛል፣ በጅማ ክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውኃው እንደልብ አይተንም።

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ያለ ከረጢት፣ ሞለኪውሉ ራሱ እንደ ግሉኮሱ መጠን የሚነቃና የሚተኛ ኢንሱሊን በአይጥና በአሳማ ተሞክሮ መሥራቱ ታተመ። ያን ማታ ደጋግሜ አነበብኩት። ከአሳማ እስከ ልጄ ክንድ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ፈጥኖ መልቀቅም ፈጥኖ ማቆምም ይጠበቅበታል፣ ለዓመታት ሲወሰድ እንደማይጎዳም መታየት አለበት። ቢሆንም የምጠብቀው እሱን ነው፤ መርፌ የሚያስቀር ሳይሆን እንቅልፍ የሚሰጥ።

ትናንት ይህን ሳስረዳት፣ «አባዬ፣ ገመድ መዝለሌን በምን ያውቃል?» አለችኝ።

«ገመዱን ማወቅ የለበትም፣ የኔ ልጅ። ደምሽ ውስጥ ያለውን ስኳር ብቻ ካወቀ ይበቃል» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና፣ «ዛሬ ግን ዘልያለሁ» አለች። ከመተኛቷ በፊት ቁራሽ ዳቦ ጨመርኩላትና የስልኬን ደወል ለሌሊቱ 8 ሰዓት ሞላሁ።