አምባዛው ለምን አልሞተም?

መጋቢት 25፣ ሐዋሳ

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ማታ ማታ የቤት ሥራዋን ይዛ ማድ ቤት ትመጣለች። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጥያቄዎቹን ታነብልኛለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ከአካባቢ ሳይንስ ደብተሯ ያነበበችልኝ ቀላል ነበር። «ዓሣ በምን ይተነፍሳል?»

«በስንጥቡ» አልኳት።

ጻፈች። ደብተሩን ግን አልዘጋችም።

«እማዬ፣ ስንጥቡ ኦክስጅን ነው አይደል የሚወስደው?»

«አዎ።»

«አየር ውስጥም ኦክስጅን አለ አይደል?»

«አለ።»

«ታዲያ ከውሃ ሲያወጡት ለምን ይሞታል?»

ቢላውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሐይቅ ዳር ባለ ከተማ ስንት ዘመን ኖሬ፣ ስንት ዓሣ ጠብሼ፣ ይህን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። «ውሃ ስለለመደ ነው» አልኳት። «አሁን የተጠየቅሽውን ብቻ ጻፊ፤ ይበቃል።» ምንም አላለችም። ደብተሯን አጥፋ ሄደች።

ያ ዝምታዋ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። «ስለለመደ» መልስ አይደለም። ልጅን ዝም ለማሰኘት የሚባል ነገር ነው። እኔም በልጅነቴ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ተብያለሁ፤ ከዚያም መጠየቅ ተውኩ። ተነስቼ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ።

ሳነብ ጥያቄዋ ካሰብኩት በላይ ከባድ ሆኖ አገኘሁት። ከአየር ውስጥ ከ100 እጅ 21 ያህሉ ኦክስጅን ነው። አንድ ሊትር ውሃ ግን የሚሟሟበት ኦክስጅን ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ዓሣው ከውሃ ሲወጣ ኦክስጅን በኦክስጅን ይሆናል። የሚሞተው ግን ታፍኖ ነው። ምክንያቱ ያለው ስንጥቡ ላይ ነው። ስንጥብ ከስስ ስስ ክሮች የተሠራ ነው። ውሃ ውስጥ ሲሆን ክሮቹ ተንሳፍፈው ይዘረጋሉ፤ ውሃው በመሃላቸው ያልፋል። ሲወጣ ደግፎ የሚይዛቸው የለም። እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ቀስ በቀስም ይደርቃሉ። ተጣብቀው ከቀሩ ደግሞ አየሩ ቢትረፈረፍም አይጠቅማቸውም።

ይህን ቁጭ አድርጌ ልነግራት እችል ነበር። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ግን በባጃጅ ቅርባችን ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ደረስን። ጀልባዎቹ ማታ የተጣለውን መረብ ሰብስበው እየገቡ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰው መሃል ቆመው አንጀት እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። ዓሣ የሚበልት አንድ ወጣት ጋ ጠጋ አልኩና ነገሩን አስረዳሁት። «ወንድሜ፣ እቺ ልጅ ስንጥብ ማየት ትፈልጋለች።» ቢላውን አስቀመጠ። «ነይ እስኪ የኔ ቆንጆ» አላትና አንድ ቆሮሶ አንስቶ የጉንጩን ክዳን በአውራ ጣቱ ገለጥ አደረገው።

ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድሯል። ጭንቅላቱን የውሃ ባልዲ ውስጥ ነከረው። ክሮቹ ተፍታተው ተነሱ። አወጣው። ጥቅልል ብለው ተጣበቁ። እንደገና ነከረው፤ እንደገና ተፍታቱ።

«እንደ ፀጉሬ!» አለች ልጄ።

ለካ ፀጉሯን ሳፋ ውስጥ ሳጥባት ነው ትዝ ያላት። ውሃው ውስጥ ይበተናል፤ ቀና ስትል ግንባሯ ላይ ይለጠፋል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ፈልጌ ያላገኘሁትን ምሳሌ እሷ በአንድ አፍታ አገኘችው። ወጣቱም ደስ ብሎት ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አሳያት። ገንዘብ ልሰጠው ብል እምቢ አለኝ። ቆሮሶውን ገዛሁት።

በቃ ልንሄድ ስንል እጄን ጎተተችኝ። አጠገቡ መሬት ላይ የተዘረጋ እርጥብ ማዳበሪያ ጆንያ አለ። ላዩ ላይ ቆሮሶዎቹ ጸጥ ብለው ተኝተዋል። መሃላቸው አንድ ትልቅ አምባዛ፣ ጢሙን እንዳንጠለጠለ፣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጅራቱን መታ ሲያደርግ ልጄ ወደ ኋላ ዘለለች።

«እሱስ ለምን አልሞተም?»

ወጣቱ ሳቀ። «አምባዛ እኮ ቶሎ አይሞትም። ጠዋት ወጥቶ ቀትር ድረስ ሲንፈራገጥ አይቻለሁ።» ለምን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። በዚህ ጊዜ «ስለለመደ ነው» አላልኳትም። «ቤት ገብተን እንፈልገዋለን» አልኳት። ፈለግንም። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር መተንፈሻ አለው። ከስንጥቡ በላይ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስል ቀይ አካል ነው። ጠንከር ያለ ስለሆነ ከውሃ ሲወጣ እንደ ስንጥቡ ክሮች አይጣበቅም። ዓሣው ውሃ ውስጥ እያለም አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል። ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ውጪም ለሰዓታት መቆየት ይችላል።

ደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ የአምባዛ ሥዕል ሠርታ ጭንቅላቱ ውስጥ ትንሽ ቀይ ዛፍ ተከለችበት። ሥዕሉን ቀድጄ ፍሪጅ ላይ ልለጥፈው ብዬ ነበር፤ ደብተሬ ይበላሻል ብላ ከለከለችኝ።

ወሬው ግቢያችንን አዳረሰ። የጎረቤታችን ልጅ ሰባተኛ ክፍል ነው። እሱ ደግሞ ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ስለሆነ ዓሣ የሚተነፍሰው የውሃውን ኦክስጅን ነው አላት። ብዙ ትልልቅ ሰውም እንደዚያ ነው የሚያስበው። በብርጭቆ ውሃ ቀድተን ፀሐይ ላይ አስቀመጥነው። ከሰዓት በኋላ የብርጭቆው ግድግዳ በትንንሽ አረፋ ተሞልቷል። ውሃው ሲሞቅ ሟሙቶበት የነበረው አየር እየወጣ ነው። ዓሣው የሚጠቀመው ከዚህ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ነው እንጂ የውሃውን አይሰብርም። ልጁ ብርጭቆውን ብርሃን ላይ አንስቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ማድ ቤቴ ሁለት በርጩማ ነው ያለው።

እሱ ያመጣው ጥያቄ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል የሚል ነበር። 100 ብሎ ጽፏል። ልክ ነው፤ ባሕር ወለል ላይ። ሐዋሳ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር የሚጫነን አየር ይቀላል፤ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። እዚህ ወደ 94 ዲግሪ ላይ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 92 ላይ ነው። የባቄላ ንፍሮ እሳት ላይ ሲውል የማንማረርበት ቤት የለም። ውሃው እየተንተከተከም ሙቀቱ ያው 94 ነው፤ እሳት ብንጨምርበት አያልፍም። ንፍሮው የሚዘገየው አንድም ለዚህ ነው።

ያዘንኩበትን ነገር ደግሞ ልጻፈው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ክፍል ፈተና ነበረ። አንዱ ጥያቄ «ዓሣ ከውሃ ውጪ መተንፈስ አይችልም» የሚል እውነት ሐሰት ነው። ሐሰት ብላ መለሰች። ኤክስ ሆነባት። ወረቀቱን ሰጥታኝ እንባዋን ስትታገል አየኋት። «እማዬ፣ አምባዛውን እኮ አይቼዋለሁ።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አስተማሪው የወረቀት ክምር ፊት ለፊቱ ቆሞ ነው ያገኘሁት። ጥሩ ሰው ነው። እስክጨርስ ሰማኝ። «እኔም ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት» አለኝ። «አምባዛ ሳር ላይ ሲንፈራገጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።» ግን የመልስ ቁልፉ የሚለው እውነት ነው። የሁሉም ክፍል ፈተና በአንድ ቁልፍ ነው የሚታረመው፤ እሱ ብቻውን ሊቀይረው አይችልም። ማርኩ ሳይስተካከል ቀረ።

አንድ ማርክ አላንገበገበኝም። ያስጨነቀኝ ማታ ምን እንደምላት ነው። ፈተና ላይ እነሱ የሚፈልጉትን ጻፊ ብላት ዓይኗን እንዳታምን እያስተማርኳት ነው። ያየሽውን ጻፊ ብላት ደግሞ ነገም ኤክስ ነው። ከልቤ ተቸገርኩ። በመጨረሻ እንደመጣልኝ ነገርኳት። ጥያቄው ስለ ብዙዎቹ ዓሣዎች ነው፤ ስለ እነሱ ከሆነ እውነት ነው፤ አምባዛ ግን ከነሱ የተለየ ነው፤ አንቺ ያየሽውም እውነት ነው አልኳት።

አሰበችበት። «ታዲያ ‹ብዙ ዓሣዎች› ብለው መጠየቅ ነበረባቸው» አለች።

ልክ ናት። ምንም የምጨምረው አልነበረኝም። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥማት እጇን አውጥታ «የትኛው ዓሣ?» ብላ አስተማሪዋን እንድትጠይቅ ተስማማን።

አሁን የያዘን የጥላ ጉዳይ ነው። መጽሐፏ ጥላ ጠዋትና ማታ ይረዝማል፣ ቀትር ላይ ያጥራል ይላል። «ጨርሶ የሚጠፋበት ቀን የለም?» አለችኝ። አለ። ሐዋሳ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች። አንዱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ደመና ነው። ሌላው መጋቢት 30 ገደማ ነው። የቀረን አምስት ቀን ነው!

ዛሬ እሁድ ስለሆነ ግቢ ውስጥ አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርገን ተክለን ለካን። የሁለቱም ቤት ልጆች ዙሪያውን ቁጢጥ አሉ። ጥላው ከሁሉ ያጠረው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ከ30 አካባቢ ነው። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከእኛ በስተምሥራቅ፣ ኦጋዴንን በሚያቋርጥ መስመር ነው፤ ፀሐይ ከዚያ እኛ ጋ እስክትደርስ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ጥላው የልጄን ሁለት ጣት ያህል ነበር፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሻሸመኔ አቅጣጫ ጋደል ብሏል። ከሳምንት በኋላ ግን ቀትር ላይ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዲላ ነው የሚጋደለው። ይህን ስነግራቸው የጎረቤታችን ልጅ አላመነኝም። ሳያምን በመቅረቱ ደስ አለኝ። ራሱ ያየዋል።

መጋቢት 30 ትምህርት ቀን ነው። አስተማሪዋ ዱላውን ይዛ እንድትመጣ ፈቅዶላታል፤ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ይተክሉታል። «ደመና ቢሆንስ?» እያለች ስትጨነቅ ዋለች፤ በልግ ነውና ሊሆን ይችላል። ሚያዝያ 1ም ይሆናል፣ ልዩነቱ ዓይን አይሞላም ብያታለሁ።

ዱላው አሁን በሩ ጥግ ቆሟል። ከታች ጫፉ ላይ ስሟን በእስክሪብቶ ጽፋበታለች።