ለልጅ የሚሆን ሙፊን፦ የጤፍና ሙዙም የአትክልቱም

ከውጭ የተገኘ የሙፊን (የትንንሽ ኬክ) አሠራር እንዳለ ተወስዶ አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ ላይ ሲጋገር ብዙ ጊዜ አይሳካም። አናቱ ቶሎ ይነፋል፣ ከኦቭን ሲወጣ መሀሉ ይሰረጉዳል፣ ሲቆረጥ ውስጡ ገና ሊጥ ነው። መጀመሪያ በጤፉ አሳብቤ ነበር፤ በፉርኖ ዱቄት ብቻ ስጋግረውም ያው ሆነ። ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃ እንኳ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚፈጥረው አየር ያለልክ ይለጠጥና ሊጡ በስሎ ሳይጠነክር ያመልጣል፤ ያን ጊዜ ኬኩ ይወድቃል።

ስለዚህ ለ200 ግራም ዱቄት ይባል የነበረውን 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ወደ 1 ከሩብ አወረድኩት፣ ሙቀቱን ከ180 ወደ 195 ዲግሪ ከፍ አደረግኩት፣ አንድ የነበረውን እንቁላል ሁለት አደረግኩት። ሊጡን አስሮ የሚይዘው እንቁላሉ ነው፤ የእኛ አገር የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ እሱ ከሆነ ሦስት ይግባ።

የሙዙን እንዲህ እሠራዋለሁ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት፣ 100 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ተልጦ 250 ግራም የሚሆን በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ 80 ሚሊ ሊትር እርጎ፣ 2 እንቁላል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ቤኪንግ ፓውደሩ። ስኳር የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስኳር የተጨመረበት ምግብ እንዳይሰጥ ይመክራል። ጣፋጩ ከሙዙ ስለሚመጣ ልጣጩ ጠቆር ጠቆር ያለውን፣ ሱቅ ላይ ሰው የሚያልፈውን ነው የምፈልገው፤ ቢጫው ገና ስታርች ስለሚበዛበት ኬኩን ያከብደዋል። ማርም ቢሆን ዓመት ላልሞላው ልጅ አይገባም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም (የከባድ ምግብ መመረዝ) ዘር በኦቭን ሙቀት አይሞትም።

ብዙ ያበላሸሁት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የጤፍ ዱቄት ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቆ ወዲያው ከገባ ሲበላ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። አሁን ጤፉን ከተፈጨው ሙዝና ከእርጎው ጋር ብቻ አዋህጄ 15 ደቂቃ አስቀምጠዋለሁ፤ ስመለስ ሊጡ ወፈር ብሎ፣ ማንኪያው ሲነሳ ከላዩ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። እንቁላሉና ዘይቱ ከዚያ ይገባሉ። ከቤኪንግ ፓውደር ጋር የተነፋው ፉርኖ መጨረሻ ላይ ነው የሚጨመረው፤ እሱ ከገባ በኋላ ከ12 እስከ 15 ጊዜ ማማሰል ይበቃል። ሲበዛ የስንዴው ግሉተን (ሊጡን የሚያስረው ፕሮቲን) ይጠነክርና ኬኩ እንደ ጎማ ይሳባል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ ጤፉን ከግማሽ በላይ ሳደርገው ልጁ እጅ ላይ ይፈረፈራል።

ፓትራው በደንብ በዘይት ተቀብቶ ዱቄት ይነሰነስበታል። ወረቀት አልወድም፤ ስኳርና ቅባት ያነሰበት ሙፊን ትኩስ እያለ ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ግማሹ ይቀራል። ጉድጓዱ ሦስት አራተኛ ድረስ ይሞላል፣ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ይጋገራል። ስኳር ስለሌለው ብዙ አይቀላም፣ መልኩን አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ስቴኪኒ መሀሉ ላይ ሰክቶ ደረቅ ሆኖ ሲወጣ ብቻ ነው የበሰለው።

የአትክልቱ ለየት ይላል። 150 ግራም ፉርኖ፣ 50 ግራም የበቆሎ ዱቄት፣ 1 ከሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 2 እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 100 ግራም አይብ፣ አንድ መካከለኛ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ተቀቅሎና ደቅቆ የተከተፈ አንድ ጭብጥ ጎመን። እዚህ ጠላቱ ውሃ ነው። ጎመኑ ከተቀቀለ በኋላ በጨርቅ ተጠምዝዞ ይጨመቃል፣ አይብም አጓት ካለው ይንጠፈጠፋል። ቆስጣ ከሆነ ሁለቴ ይጨመቅ፤ አንዴ ሳይጨመቅ አስገብቼው የኬኩ ሥር እንደ ገንፎ ሆኖ ቀረ። አይቡ አይቀልጥም፣ ፍርፋሪው በየቦታው ለስልሶ ይቀራል፤ ልጆች እሱን እየለቀሙ ይበሉታል። ጨው አልጨምርም፤ በዘይት የተቁላላ ትንሽ ሽንኩርት በቂ ጣዕም ይሰጠዋል። በ195 ዲግሪ ከ20 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል።

በጾም እንቁላል ቤት ውስጥ ከሌለ የተፈጨ ተልባ ይሠራል፦ ለአንድ እንቁላል 1 የሾርባ ማንኪያ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ይቆያል። ሁለቱንም እንቁላል በተልባ ስተካ ግን ውስጡ ሙጫ ሙጫ አለ። ያኔ አንዱን በተልባ፣ ሌላውን በሁለት የሾርባ ማንኪያ የሽንብራ ዱቄትና በያው መጠን ውሃ መተካት ይሻላል። እርጎውም በተቀቀለ ስኳር ድንች ይተካል፤ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ለቫይታሚን ኤ ተመራጭ ነው።

መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ኦቭኑን አለመክፈት ነው። ከ12 ደቂቃ በኋላ ከሆነ በያዘው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይጨርሳል። ገና እንደገባ ከሆነ ግን ወፍራም ድስት ሥሩ ላይ የሽቦ መደገፊያ ተደርጎበት፣ ተከድኖ በጋዝ ምድጃ 10 ደቂቃ ይሞቃል፤ ሊጡ በትናንሽ የብረት ኩባያ ተደርጎ እዚያ ውስጥ በዝግታ እሳት እስከ 30 ደቂቃ ይበስላል። አናቱ ነጣ ይላል እንጂ ጣዕሙ ያው ነው።

ከወጣ በኋላ 5 ደቂቃ ብቻ ፓትራው ላይ ይቆይ፤ ከዚያ በላይ እንፋሎቱ ሥሩን ያረጥበዋል። የቀዘቀዘው በተዘጋ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ወር ይቆያል። ለውዝ ከገባ ልሞ የተፈጨ፣ ዘቢብም ደቅቆ የተከተፈ ይሁን፤ ሙሉው ትንሽ ልጅን ያንቃል። አብሮት ሻይ አይቅረብ። በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን የጤፉን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያግዳል፣ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ግን በቫይታሚን ሲው ያግዘዋል። እኔ ከሙፊኑ ጎን የማቀርበው ሁለት ቁራጭ ፓፓያ ነው።