«ዘና ይበሉ» ያልኩት ሰውዬ

ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ደም ስወስድ እውላለሁ። መርፌ የሚፈራ ሰው ሲገጥመኝ የምላት ነገር ነበረችኝ። «ዘና ይበሉ፣ ሰውነትዎን ይልቀቁት።» ምን ክፋት አላት?

አንድ ጠዋት ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰውዬ ገባ። ገና ሲቀመጥ «ከመርፌ ጋር ብዙም አንስማማም» ብሎ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ያቺን የለመድኳትን አልኩት። ታዛዥ ሰው ነው፣ ክንዱን ወዲያው ለቀቀው። ላስቲኩን አስሬ፣ በአልኮል ጠርጌ፣ መርፌውን ከሽፋኑ ሳወጣ ከንፈሩ አመድ መሰለ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ከዚያ ከነሙሉ ክብደቱ እላዬ ላይ! ብልቃጦቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። መርፌው ገና ቆዳውን እንኳ አልነካም።

አስተኝተን እግሩን ከፍ አደረግንለት። ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ «ይቅርታ» ነበር።

ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝስ እኔ ነኝ። ይህን የነገረችኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሆነች ባልደረባዬ ናት። ውሻ ወይም ከፍታ የሚፈራ ሰው ሲደነግጥ ልቡ ድው ድው ይላል፣ የደም ግፊቱም ይጨምራል። ስለዚህ የሚወድቅ ይመስለዋል እንጂ ብዙ ጊዜ አይወድቅም። የደምና የመርፌ ፎቢያ ግን ለየት ይላል። ግፊቱ መጀመሪያ ከፍ ይልና ድንገት ያሽቆለቁላል፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ያንሳል። እንዲህ ያለውን ሰው «ልቀቀው» ማለት ገፍቶ እንደ መጣል ነው።

መፍትሔው ተቃራኒው ነው፣ መወጠር። ላርስ ጎራን ኧስት የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዳበረው ዘዴ ነው። የእጅ፣ የእግርና የሆድ ጡንቻን ፊት ሞቅ እስኪል ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ወጥሮ መያዝ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማረፍ፣ 5 ጊዜ መደጋገም። በቃ!

ሰውዬው ለካ የታዘዘለትን ምርመራ ሁሉ ለዓመታት ሲሸሽ ኖሯል። በሸሸ ቁጥር ደግሞ ፍርሃቱ ይደልባል፤ አንጎል «ያተረፈኝ መሸሼ ነው» ብሎ ይይዛላ። ባልደረባዬ ቀስ በቀስ አለማመደችው። መጀመሪያ የመርፌ ፎቶ፣ ከዚያ ያልተከፈተ መርፌ በእጁ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ሲወጋ ማየት። በየደረጃው ጡንቻውን እየወጠረ።

ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣ። አልጋ ላይ አስተኛሁት። የምወጋውን ክንድ ብቻ ለቀቅ አድርጎ ሌላውን ሰውነቱን ግትር አደረገው፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሁለት ብልቃጥ ሞላሁ፣ ጥጥ አደረግሁለት።

«ጨርሰናል» አልኩት።

«ልልቀቀው?» አለኝ፣ ጥርሱን እንደነከሰ።