የአያቴ ስም የወጣላት እንቁራሪት

ባለፈው ሳምንት የልጄን ፎቶ ለደብረ ብርሃን ጓደኛዬ በቴሌግራም ላክሁለት። ከልጁ ጀርባ የመስታወት ሳጥን ይታያል። ሳጥኑ ውስጥ አንዲት አረንጓዴ እንቁራሪት ተቀምጣለች። ጓደኛዬ ልጄን ዘሎ እንቁራሪቷን አየ።

«ትበሏታላችሁ እንዴ?» አለኝ።

አይ፣ የልጁ ናት አልኩት።

«ምን ትሠራለች?»

ምን ይባላል? ትቀመጣለች።

«ስትታመምስ?» ብሎ መሳቅ ጀመረ። እኔ አልሳቅሁም። ታማ ታውቃለችና። ሐኪም ቤትም ወስጃታለሁ። ያውም የታከመችው በአያቴ ስም ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ተወለደ። ውሻ ግዙልኝ ብሎ ሁለት ዓመት አለቀሰ። የምንኖርበት አፓርታማ ውሻ አይፈቅድም። እኔ በሆዴ እልል ብያለሁ። አምና ግን የትምህርት ቤት ጓደኛው ቤተሰቦች ወደ ሌላ ስቴት ሲሄዱ እንቁራሪታቸውን ሰጥተውን ሄዱ። የአውስትራሊያ የዛፍ እንቁራሪት ናት። ወፍራም ነች፣ ሰነፍ ነች፣ አፏ ሁልጊዜ ፈገግ ያለች ያስመስላታል። ልጁ ፒክል አላት። ኮምጣጤ ውስጥ የተዘፈዘፈ ኪያር ማለት ነው። በእኔ አማርኛ እንቁራሪት ሴት ናት፤ እሱ ግን በእንግሊዝኛ «ሂ» (እሱ) ይላታል። ስንት ዓመት ትኖራለች ብዬ ብጠይቅ፣ በደንብ ከተያዘች 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አሉኝ። የመኪናዬ ብድር እንኳ በ5 ዓመት ያልቃል።

ስትመጣ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነበረች። ለልጁ ልደት ትልቅ ቤት ገዛንላት። የዛፍ ፍጥረት ስለሆነች የሚያስፈልጋት ቁመት ነው ተባልን። 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው መስታወት፣ ቅርንጫፍ፣ ቅጠል፣ የውሃ ሳህን፣ የሚያሞቅ መብራት። እኔ አሜሪካ ስገባ የጠበቀኝ የአጎቴ ልጅ ምድር ቤት ውስጥ የተነጠፈ ፍራሽ ነው።

ትፈነድቃለች ብለን ሦስታችንም ፊት ለፊቷ ተቀመጥን። ሌሊቱን ሙሉ መስታወቱ ላይ እየተለጠፈች ስትወጣ ስትወርድ አደረች። አፍንጫዋን እየፈተገች መውጫ ትፈልጋለች። በማግስቱ ጥግ ተሸጉጣ ዓይኗን ጨፈነች። አረንጓዴነቷ ጠፋ። እንደ ደረቀ ጌሾ ቡናማ ሆነች። ክሪኬት የሚባሉ ፌንጣ መሳይ ነፍሳት ናቸው ምግቧ። ከሱቅ በነፍሳቸው እንገዛለን፤ አዎ፣ በገንዘብ። ዞራም አላየቻቸው። ጀርባዋ ላይ ወጥተው ይንሸራሸራሉ።

አምስት ቀን አልበላችም። ልጄ ማታ ማታ ያለቅሳል። ባለቤቴ ደግሞ ትስቃለች።

«አንተም ስትመጣ እንደዚሁ ነበርክ» አለችኝ።

ነበርኩ። ሦስት ሳምንት መጋረጃ ዘግቼ በዳቦና በሻይ ከርሜያለሁ። ቀን እተኛለሁ፣ ሌሊት ጣራ አያለሁ። የአጎቴ ልጅ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከምድር ቤት ይጠራኛል። «ይኸውላችሁ፣ ከአገር ቤት የመጣው!» ይላል። እንግዶቹ ያዩኛል። «አሜሪካ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ያየሁት አሜሪካ ከኤርፖርት እስከ ፍራሹ ያለውን ነው። ምን ልበላቸው?

የውሻና የድመት ሐኪሞች እንቁራሪት አናይም አሉ። የምታይ ክሊኒክ ተፈልጋ ተገኘች። ቀጠሮው በሦስተኛው ቀን ነው። እናቴ ለዓይኗ ሐኪም ሦስት ወር ወረፋ ጠብቃለች። ይሄን ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። 95 ዶላር መክፈሌን ብቻ ነገርኩት። እሱም ወዲያው ወደ ብር መንዝሮ ሲያበቃ ዝም አለ።

እንግዳ መቀበያው ላይ ፎርም ሰጡኝ። የታካሚ ስም፦ ፒክል። የቤተሰብ ስም ይላል፤ ሳላስብ የራሴን ጻፍሁ። ተቀመጥሁ። በግራዬ በቀቀን የያዙ ሴትዮ፣ በቀኜ እባብ አንገቱ ላይ የጠመጠመ ወጣት። ከዚያ በሩ ተከፈተና አንዲት ልጅ ጮክ ብላ ተጣራች።

«ፒክል ዎልዲማይክል!»

አያቴ ቀኛዝማች ወልደሚካኤል የመንዝ ሰው ነበሩ። እኔ አልደረስኩባቸውም። ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ይነሣላቸው ነበር እየተባለልኝ ነው ያደግሁት። እንግዲህ ስማቸው ተጠርቷልና ተነሣሁ። እጄ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ዕቃው ውስጥ ወልደሚካኤል። ባለ እባቡ ልጅ «መልካም ዕድል» አለን።

ሐኪሙ ጓንቱን በውሃ አርሶ ያዛት። ገላበጣት፣ አፏን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ምርመራ ጀመረ። ውሃዋ ከየት ነው? ከቧንቧ፣ ግን በባልዲ አሳድሬ ነው አልኩ፤ በኩራት። አገር ቤት ውሃ ማጠራቀም የለመደ ሰው ነኝ። ራሱን ነቀነቀ። ክሎሪን ቢሆን ሲያድር ይተናል። የዲሲ ውሃ ግን አብዛኛውን ዓመት ክሎራሚን የሚባል ሌላ የውሃ ማከሚያ አለበት፤ ያ ቢያድርም አይለቅም። ማጣሪያ ጠብታ ያስፈልገዋል። እንቁራሪት በአፏ አትጠጣም፣ በቆዳዋ ነው የምትመጠው። ውሃው ውስጥ ያለው ሁሉ ገላዋ ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ «ቤት ውስጥ የሚጨስ ነገር አለ?» አለኝ።

አፌ ደረቀ። እሑድ እሑድ ቡና ይቆላል። ዕጣን ይጨሳል። ረከቦቱ ከመስታወቱ አንድ ሜትር አይርቅም። ይሄን ሁሉ በእንግሊዝኛ ሳስረዳ የተናዘዝኩ ወንጀለኛ መሰልኩ። እሱም ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ እግዜር ይወቅ። ጭሱን አርቁላት አለ። ሦስቱን የመስታወት ገጽ በወረቀት ሸፍኑ። አትንኳት፣ ለእንግዳ አታሳዩአት። ሌላ በሽታ የላትም፣ ቤት ቀይራ ነው። ለዚህች 95 ዶላር!

ባለቤቴ ዕጣኑን ስትሰማ ሳቋ ቆመ። «ለእንቁራሪት ብዬ?» አለች። አሁን የካቲት ብርድ ላይ ሰገነት ወጥተን ነው ቡና የምንጠጣው። እንቁራሪቷ ሳሎን ውስጥ ትሞቃለች።

ሌሊት ሌሊት ስለ እንቁራሪት ማንበብ ጀመርኩ። በዓለም ሌላ ቦታ የሌለች የእንቁራሪት ዝርያ ባሌ ውስጥ፣ ሐረና ጫካ እንዳለች ያወቅሁት ያኔ ነው። አገሬ እያለሁ ማን ነግሮኝ? ለእኛ እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ የፈነዳችው ናት፤ ሌላ ታሪክ የላትም። ክረምት ደብረ ብርሃን፣ በረሳ የሚባለው ወንዝ ዳር ሲጮሁ ዝም በሉ ብለን ድንጋይ እንወረውር ነበር።

በ13ኛው ሌሊት ባለቤቴ ለነገ ቡና በማሽን ስትፈጭ ከወረቀቱ ጀርባ «ኳርክ! ኳርክ!» የሚል መጣ። በእግር ጣታችን እየተራመድን ሄደን አየን። አረንጓዴ ሆናለች። ክሪኬቷን ዘልላ ዋጠች። የሚጮኸው ወንዱ ነው፤ ልጄ እስከ ዛሬ ይህን ያነሣብኛል።

ለመምጣት የምታስቡ፣ ስለ ደሞዝና ስለ ቤት ኪራይ ስትጠይቁ ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ፓስፖርታችሁ ላይ ሦስተኛ የሰፈረው ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ይሆናል። እናንተን አቶ አያታችሁ ይሏችኋል። ሚስታችሁ የራሷን አያት ይዛ ትመጣለች፤ ኤርፖርት ላይ ልጁ የማን ነው ትባላለች። ስሙን ከመሙላታችሁ በፊት አስቡበት፤ ምን ምን ላይ እንደሚለጠፍ አታውቁም። አዲስ ሰው የምትቀበሉም እባካችሁ በመጣ ሳምንት ለእንግዳ አታሳዩት። አገር ቤት ያላችሁም ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ብር ላክ አትበሉት። አይበላም፣ ቀለሙም ልክ አይደለም።

ትናንት ከክሊኒኩ ፖስታ ካርድ መጣ። ዓመታዊ ምርመራ ደርሷል ይላል። የተላከው ለፒክል ወልደሚካኤል ነው። ባለቤቴ ሆን ብላ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ማታ አባባ በቪዲዮ ደወሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸውና የተጻፈ ነገር አያልፉም። መነጽራቸውን አስተካክለው ከጀርባዬ ያለውን ፊደል በፊደል አነበቡ።

«ወልደሚካኤል ይላል። ልጅ ወለዳችሁ እንዴ?»

አባባ፣ እሱ እንኳን... ብዬ ቀረሁ።

«እሰይ!» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የአባቴን ስም አስጠራህልኝ።»

ባለቤቴ አፏን ይዛ ወደ ሰገነቱ ሮጠች።