ሐሙስ ተጥዶ ዓርብ የበሰለ

ደብሊን ውስጥ ኮድል የሚሉት ምግብ አለ። ቋሊማ፣ ራሸር የሚባለው በጨው የተቀመመ የአሳማ ሥጋ፣ ድንችና ሽንኩርት አንድ ድስት ውስጥ ይታጨቃሉ። ውሃ ወይም መረቅ ይጨመርና በዝግታ ይቀቀላል። ቁሌት የለም። መጥበስ የለም። ማጣፈጫው ቁንዶ በርበሬና ፓርስሊ ነው፤ በቃ። መልኩ ላላየው ሰው ለመንገር ያስቸግራል። ነጭ ነው እንዳትሉ ነጭ አይደለም፣ ግራጫ እንዳትሉም ያሳዝናል። ቋሊማዎቹ ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው ጣት መስለው ከላይ ብቅ ብቅ ይላሉ። የደብሊን ሰው ፊት ግን ይህን አትናገሩ። የእናቱን እጅ እንደሰደባችሁ ነው የሚቆጥረው።

ከኮድል ጋር ያስተዋወቁኝ ጎረቤቴ ናቸው። ሊበርቲስ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ተወልደው ያረጁ አዛውንት። እዚያ ሰፈር ሰው የሚጣላው በኳስና በኮድል ነው። ካሮት ይገባል አይገባም፣ ገብስ ይጨመር አይጨመር፣ ቋሊማው ቀድሞ ይጠበስ አይጠበስ። እሳቸው በሦስቱም ላይ "አይ!" ነው መልሳቸው። ካሮት የሚጨምር ሰው አስተዳደጉ ያጠራጥራል ይላሉ።

እኔን የያዘኝ ግን የምግቡ ታሪክ ነው። ድሮ ካቶሊኮች ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉም ነበር። ስለዚህ ቤት ውስጥ የተረፈች ቋሊማና ራሸር ካለች ሐሙስ ማታ ድስት ውስጥ ትገባለች፣ ዓርብ ሳይገባ ትበላለች። ይህን ሲያጫውቱኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ማክሰኞ ማታ "ነገ እሮብ ነው፣ ይቺን ወጥ ጨርሷት!" እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ለካ እነሱም የሐሙስ ቅበላ ነበራቸው።

ታዲያ አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ አንድ ሐሙስ ማታ ኮድል ሠርቼ ሁለቱን ለማገናኘት አሰብኩ። እትዬ እሮብና ዓርብን ከሃምሳው ቀናት በቀር ዓመቱን ሙሉ የማይስቱ ሴት ናቸው። ቪዛ ፎርም ላይ ጾም የሚል ሣጥን ቢኖር መጀመሪያ የሚሞሉት እሱን ነበር።

አሁን ጣጣው ጀመረ። የአየርላንድ ቋሊማ ማለት አሳማ ማለት ነው። የበሬ ቋሊማ በቀላሉ የሚገኘው ክላንብራሲል ጎዳና አካባቢ ባሉት የሐላል ሥጋ ቤቶች ነው። እሱን ደግሞ እትዬ አይነኩም። ስለዚህ አንድ ሰፈር ውስጥ ያለ ሥጋ ሻጭ ዘንድ ሄጄ የበሬ ቋሊማ እንዲሠራልኝ ለመንኩት።

"ለምን ልታደርገው ነው?"

"ለኮድል።"

ቢላዋውን አስቀመጠ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴትዮም ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉ።

"ለኮድል? የበሬ?"

"አዎ። ደግሞ… አንጀቱስ የማን ነው? ሥጋው የሚሞላበት?"

እንደዚያ ብሎ የጠየቀው ሰው እስከ ዛሬ እንደሌለ ከፊቱ ያስታውቃል። ያለው የአሳማ አንጀት ነው። መጋዘን ገብቶ ቆይቶ የበግ አንጀት ይዞ ወጣ። እግዜር ይስጠው፣ ቀጭን ቀጭን አድርጎ ሞላልኝ። በራሸር ምትክ በጨው የተዘፈዘፈ የበሬ ሥጋ ወሰድኩ። እሱን እንኳ አይሪሾች ራሳቸው ያውቁበታል።

ስለ ድስቱ ደግሞ ልንገራችሁ። የተከራየሁት ቤት ምድጃ ካሉት ማሞቂያዎች አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። አከራዬ "ሰው እልካለሁ" ካለኝ ቆየ፤ ሰውየው በእግር እየመጣ ይሆናል። ለዚህ ነው ስሎው ኩከር የገዛሁት። ይኼ ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ነው። የእኔው የሚበላው ሁለት መቶ ዋት አካባቢ ነው። እዚህ አገር ያለ የውሃ ማፍያ ሦስት ሺህ ዋት ይወስዳል። ማፍያው ሮጦ ሲጨርስ ድስቱ ገና ጫማውን አላሰረም። ዝቅ ያለው ላይ አድርጋችሁ ስምንት ሰዓት ትተዉታላችሁ፣ ከፍ ያለው ላይ አራት ሰዓት ገደማ። አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ ክዳኑን አትክፈቱ። አንድ ጊዜ በከፈታችሁ ቁጥር የታመቀው እንፋሎት ይወጣል፣ ያንን ሙቀት መልሶ ለማግኘት ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል።

ዕቃው ራሱ ከሃይማኖት የመጣ ነው። ኢርቪንግ ናክሰን የሚባል አሜሪካዊ አይሁዳዊ ነው የፈጠረው፤ የባለቤትነት መብቱን እ.ኤ.አ. በ1940 አገኘ። ሐሳቡን የሰጡት እናቱ ናቸው። ሊትዌኒያ እያሉ በሰንበት እሳት ስለማይነካ ዓርብ ሳይመሽ ድስቱን ዳቦ ቤት ወስደው ምድጃው ውስጥ ያሳድሩት እንደነበር አጫወቱት። እንግዲህ አስቡት። ከዓርብ የሚሸሽ ምግብ፣ ቅዳሜን በሚቀድም ድስት! ቀን የሚያመልጠው ሰው አለ ብዬ በጭራሽ አልጠረጠርኩም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉን አሰናዳሁ። ድንቹን ከታች አደረግኩ። ሙቀቱ የሚመጣው ከሥርና ከጎን ስለሆነ፣ ድንች ደግሞ በዚህ ዕቃ ከሥጋ ይልቅ ስለሚዘገይ ነው። ከዚያ ሽንኩርት፣ ከዚያ ሥጋው፣ ቋሊማው ከላይ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ ጎረቤቴ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ከመውጣቴ በፊት፦

"እትዬ፣ ይችን ክዳን አደራ እንዳይከፍቷት።"

"እሺ" አሉ።

ያቺን "እሺ" አበሻ ያሳደገው ሁሉ ያውቃታል። ሰምቼሃለሁ ማለት እንጂ እታዘዝሃለሁ ማለት አይደለችም።

በምሳ ሰዓት ደወልኩ።

"እትዬ፣ ደህና ዋሉ? ድስቱስ?"

"ኧረ ይኼ ድስትህ አይፈላም ልጄ! ድምፅም የለው። ጨርሶ ሞቷል።"

"እንዴት አወቁ? ከፈቱት እንዴ?"

"ኧረ ወዲያ! አልከፈትኩም፣ ያየሁት ብቻ ነው።"

"እንዴት አዩት?"

"ከፍቼ ነዋ!"

ማታ ቤት ስደርስ እትዬ ድስቱ አጠገብ ወንበር አድርገው ተቀምጠዋል። የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው የመስታወቱን ክዳን ከውጭ ያብሳሉ። እንፋሎቱ ያለው ግን ከውስጥ ነው። ከውጭ ሲያብሱት አልጠራ ሲላቸው ያነሱታል፣ ከውስጥም ጥርግ ያደርጉታል፣ ይመለከታሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፣ ይከድናሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ እንደገና። ቀኑን ሙሉ ሲጠርጉት ነው የዋሉት። ድስቱም ሲሞቅ፣ ሲበርድ፣ ሲሞቅ፣ ሲበርድ ውሏል።

"አማስዬልሃለሁ" አሉኝ፣ ምስጋና እየጠበቁ። "ከሥር እንዳይዝብህ። ውሃም አንሶት ነበር፣ ከቧንቧው ጨመርኩለት።"

የቧንቧ ውሃ። በደብሊን። በክረምት።

ሹካ አንስቼ ድንቹን ወጋ አደረግኩት። ሹካው ተመለሰ። ከፍ ወዳለው አዞርኩት። በተራ ድስት ገልብጬ ላፍላው እንዳልል ያቺ አንዲት ማሞቂያ ተይዛለች፤ እትዬ ነገሩ አላማራቸውም ነበርና ለመጠባበቂያ ሽሮ ጥደዋል። ሽሮው ተክ ተክ ይላል። ኮድሉ ጸጥ ብሏል።

አንድ ሰዓት ላይ አዛውንቱ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ሶዳ ብሬድና ሁለት ጠርሙስ ጥቁር ቢራ ይዘው መጡ። ገና እንደሆነ ነገርኳቸው። ምንም አልመሰላቸውም። ድሮ ሚስቶች ኮድሉን ትንሽ እሳት ላይ ትተው ይተኙ ነበር አሉ፤ ባሎች ከመጠጥ ቤት ሲመለሱ ሌሊት ያገኙታል። ይህን ለእትዬ አስተረጎምኩ።

"ጠጥቶ ለሚያመሽ ባል ትኩስ ወጥ?" አሉ እትዬ። "በሩን ነው እንጂ መዝጋት!"

አዛውንቱ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። "ጥሩ ልማድ ነው ብለዋል" አልኳቸው።

ሰዓቱ መሄድ፣ ጨዋታውም መድራት ጀመረ። ዓርብ ምን ይበላ እንደነበር እትዬ ጠየቁ። ዓሣ፣ አሉ አዛውንቱ። እትዬ ወንበራቸውን አስጠጉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በኛ ቤት ስንት ለቅሶ ቤት ያመሸበት ነው። ሁለቱ በእኔ በኩል መከራከር ጀመሩ። አዛውንቱ ሐዋርያት ዓሣ አጥማጆች ነበሩ ይላሉ። እትዬ "አጠመዱ እንጂ ዓርብ በሉ ተብሏል ወይ?" ይላሉ። ልቤ ሲደክም ሁለቱንም "ልክ ነዎት" ይላሉ እያልኩ ማስተርጎሜን ቀጠልኩ። በጣም ተግባቡ።

አምስት ሰዓት ላይ ድንቹ ከዳር ለስልሷል፣ መሐሉ ግን እንቢ ብሏል። ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር የቀረው። መጸዳጃ ቤት ደርሼ ስመለስ እትዬ ክዳኑን በአንድ እጃቸው ይዘው ለአዛውንቱ በምልክት ድስቱን እያሳዩ ናቸው። አዛውንቱም አጎንብሰው ያያሉ። እንፋሎቱ ጣራው ላይ ደርሷል።

ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረሰ። እንዴት ያለ ሽታ መሰላችሁ! ድንቹ ለሹካ ብቻ ሳይሆን ለዓይንም ይለቃል። ጭልፋውን አነሳሁ። እትዬ የግድግዳውን ሰዓት አዩ፣ አማተቡ።

"ዓርብ ገብቷል።"

እትዬ እያዩኝ ማን ይደፍራል? ጭልፋውን አስቀመጥኩ። ዛሬ ዓርብ ለእሳቸው ያን ያህል ችግር እንዳልሆነ አዛውንቱ በትሕትና ነገሩን። ሳህናቸውን አቀረቡ። ዳቦውን ቆርሰው መረቁ ውስጥ ነክረው፣ ቋሊማውን በሹካ ጎን ገመስ እያደረጉ፣ አልቸኮሉም። ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። እኔና እትዬ በቀዘቀዘ ሽሮ እንጀራ እየጠቀለልን እናያቸዋለን።

"ምን አሉ?" አሉኝ እትዬ፣ አዛውንቱ አፋቸውን ጠርገው ሲናገሩ።

"ኮድል አይደለም፣ ግን ይበላል አሉ።"

"ወይ ጉድ! በባዶ ሆዳችን ነው ደግሞ የሚያማርጡት?"

ቅዳሜ ጠዋት ከማቀዝቀዣ አውጥተን አሞቅነው። እትዬ ሚጥሚጣ ነሰነሱበትና አንገታቸውን ነቀነቁ። ኮድል ሲያድር ይጣፍጣል የሚሉት እውነታቸውን ነው።

የመመለሻቸው ቀን ሲቃረብ ምን ልግዛልዎት አልኳቸው። ወደ ኩሽናው ዞረው አዩ።

"ያንን ድስት ግዛልኝ።"

ደነገጥኩ። "እትዬ፣ እርስዎ እኮ አልወደዱትም። በዚያ ላይ በእናንተ ሰፈር መብራት…"

"ለኔ አይደለም። አንዲት ጾም የማትይዝ ጎረቤት አለችኝ። በዚህ ከሠራች ሳትወድ ትጾማለች።"